ለጥንቸል የወረደችው ኡልሪካ

ከባህሩ ዳር እስከ ቤታችን ሽቅብ በሩጫ ነው የመጣሁት። ትንፋሼ ገና አልተመለሰም፣ ቦቲዬም እርጥብ ነው። የኡልሪካን ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜዋለሁ። ጥይቱን ራሷ አውጥታ ኪሷ ከታዋለች። «እንካ ወንድም ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጋ ይደር» ብላ እጄ ላይ ጣል አደረገችውና ጉልበቷን እየያዘች፣ እየሳቀች ወደ ቤቷ ወጣች።

እኔ ወንድም ጋሼ አይደለሁም። ሃያ ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ። እሷ ሰባ ሊሞላት ነው። ግን ይሄ በኛ መንደር ማንንም አያስገርምም፣ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ጠዋት ኡልሪካ የምትሠራበት የጎብኚዎች መርከብ የጎማ ጀልባ ይመጣል። መርከቡ የሚሄደው ወደ ፊዮርዱ ውስጥ ነው፣ ባህሩ በተራሮቹ መሀል ገብቶ ገብቶ ወደሚያልቅበት። እዚያ ኡልሪካ የተወለደችበት ቦታ አለ። ልጅ ሆና ከወጣች ወዲህ አላየችውም። እኔ ከሄድኩ ትሄዳለች፣ እኔ ከቀረሁ ትቀራለች። እንዲህ ብላለች፣ ያለችውን ደግሞ አታጥፍም። እኔ ግን ፈሪ ነኝ። ባህር እፈራለሁ፣ ድብ እፈራለሁ፣ የማላውቀው ሰው «እንዴት አደርሽ» ሲለኝ እንኳ እናቴ ኋላ እደበቃለሁ።

እናቴ ተኝታለች። መሽቷል ይባላል እንጂ እዚህ ሰሜን ጫፍ በዚህ ወር ፀሐይዋ ስለማትጠልቅ መስኮቱ ላይ ቆማ ታፈጥብኛለች። እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ስላወቅኩ ስለ ኡልሪካ ልጻፍ ብዬ ቁጭ አልኩ። ስለ እሷ ስጽፍ ትንሽ ይቀለኛል።

በኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙ ሜዳ ላይ አይቀርም። ቀጥሎ የሚወለደው ልጅ ይወስደዋል፣ ወንድ ይሁን ሴት አይመረጥም። ስሙ ሲመጣ ደግሞ ዝምድናውን ተሸክሞ ነው። የኡልሪካ ታላቅ ወንድም ኡያራክ አልጋው ላይ፣ ሸምግሎ ሞተ። እኔ በዚያው ሰሞን ተወለድኩ፣ ስሙም ለኔ ደረሰ። ኡልሪካ መጥታ መዳፌን ገልብጣ አየችና «እሱ ነው። ጣቱም እሱ፣ ኩርፊያውም እሱ» አለች ይባላል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ለእሷ ወንድም ጋሼ ነኝ። የመንደሩ ሰው ሁሉ «እትዬ ኡልሪካ» እያለ ሲያከብራት እኔ ግን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ «አንቺ» ነው የምላት። ታላቋ ነኛ!

ነገሩ ጣጣም አለው። አምስት ዓመት ሲሞላኝ ለልደቴ ቢላ አመጣችልኝ። አሥር ሲሞላኝ ፒፓ። «አታጭሰው፣ ጨብጠው ብቻ። ድሮ ስታስብ ትጨብጠው ነበር» አለችኝ። አሥራ አምስት ሲሞላኝ የጢም መላጫ። እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጓዳ ገባች። የሟቹ ሚስት ደግሞ በሕይወት እያለች መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ውሾቹን ሳታበላ ወጣህ አይደል?» ትለኝ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ምን ይመልሳል? «አሁን አበላለሁ» እላለሁ። ሄጄም አበላለሁ።

ያ የመጀመሪያው ኡያራክ የታወቀው በአደኑ አልነበረም፣ በመመለሱ ነው። በረዶው ሳሳ ካለ ይመለሳል። ጭጋግ ከወረደ ይመለሳል። አንዴማ ውሾቹን በሙሉ ከበረዶ ጋሪው ጋር ከጠመደ በኋላ «ሕልሜ አልጣመኝም» ብሎ ፈትቷቸው ተመልሶ ተኛ። «እግሩ ወደ ኋላ የተተከለ» እያሉ ስንት ተረብ ወረደበት! ግን ተራቢዎቹን ባህሩ አንድ በአንድ ሲወስዳቸው እሱ ፒፓውን ጨብጦ አረጀ።

ታዲያ እኔ አንድ ነገር ፈርቼ ስሸሽ ሰው ሁሉ «ምን ታድርግ፣ ስሙ ነው» ይላል።

ኡልሪካ ግን ፍርሃትን በዝና ብቻ ነው የምታውቀው። የተወለደችው ፊዮርዱ ውስጥ፣ ኩፓሊክ በሚባል ቦታ፣ ከድንጋይና ከሣር በተሠራ ቤት ነው። ሦስት ቤት ብቻ ነበር። አባቷ አንድ ክረምት በረዶው ላይ ወጥቶ አልተመለሰም። ኡያራክ ገና ጎረምሳ ነበር፣ እሷንና እናታቸውን እሱ አበላ። ኡልሪካ ልጅ ሆና አንድ ቀን በረዶው ጫፍ ላይ ተንበርክካ አቆስጣ እየጠበቀች ነበር። አቆስጣ ያ ፂማሙ፣ ዓይኑ የሰው የሚመስለው፣ ሥጋውን የምንበላው የባህር አውሬ ነው። ወንድሟ ከዳር ሆኖ «ኡልሪካ፣ ነይ!» አላት። አንድ ጊዜ ብቻ።

«‹ለምን?› አላልኩትም» ትላለች ይሄን ስታወራ። «‹ለምን?› ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ‹ለምን?› የምትል አሮጊት አትኖርም ነበር።»

ተነስታ መጣች። ከኋላዋ የተንበረከከችበት በረዶ ተገምሶ ወደ ባህሩ ሄደ።

ከዚያ ወደ መንደሩ ወረዱ፣ ኩፓሊክም ባዶውን ቀረ። ዮሴፒን አገባች፣ የሱቁ ዕቃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሲዘፍን ውሻ ያስለቅሳል ይላሉ። የትምህርት ቤቱን ምግብ ሠርታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ጠርጋለች፣ በሌላው ቀን ሁሉ ታድናለች። የክረምት ሱሪዋ ራሷ የገደለችው የነጭ ድብ ቆዳ ነው፣ ስትራመድ ድቡ ገና የሚሄድ ይመስላል። ዮሴፒ ሲሞት ልጆቿ በምዕራቡ ዳርቻ ካለው ትልቅ ከተማ ሆነው «ነይ እኛ ጋ» አሏት። «እዚያ ማንን ልቆጣ?» አለቻቸው። እውነቷን ነው። እዚህ የምትቆጣው ሰው ሞልቷል።

መርከብ ላይ ሥራ ያገኘችውም በቁጣ ነው። እኔ ሳልወለድ ነው፣ ግን መንደሩ እስከዛሬ ይስቅበታል። አንድ መርከብ ሳይነግረን መጥቶ ቀይ ጃኬት የለበሰ ጎብኚ ሁሉ መንደሩ ላይ ፈሰሰ። ያንዱን ውሻ ይደባብሳል፣ ያንዱን የተሰጣ ሥጋ ፎቶ ያነሳል። ኡልሪካ ቤቷ ውስጥ ገንዳ ውስጥ ገላዋን እየታጠበች ቀና ስትል መስኮቱ ላይ አንድ ሰውዬ አፍንጫውን ለጥፎ ያያታል። ታጥባ ጨረሰች፣ ለበሰች፣ የዮሴፒን ጀልባ ቀዝፋ መርከቡ ላይ ወጣች። ከዚያ በየክፍሉ ክብ መስኮት አፍንጫዋን እየለጠፈች ውስጥ ያለውን ሰው ስታይ ዋለች። አንዱ ፒጃማ እየቀየረ ነው፣ አንዱ ጥርሱን አውልቆ ያጥባል። ሰው ሁሉ ሲጮህ ካፒቴኑ ሮጦ መጣ።

«ምን ፈለጉ እመቤቴ?» አላት።

«ምንም። ደስ የሚል አገር ነው፣ እየጎበኘሁ ነው» አለችው።

ካፒቴኑ ፊቱ ቀላ። ሰውየውን አስጠርቶ ይቅርታ አስጠየቀው፣ ለእሷም ሾርባ አቀረበላት። በዓመቱ ያው መርከብ በሬዲዮ ቀድሞ «መምጣት እንችላለን? ስንት ሰው ይዘን? ማንስ ይምራን?» ብሎ ጠየቀ። ኡልሪካ ሬዲዮውን ከመንደሩ ሊቀ መንበር እጅ ነጥቃ «እኔ» አለች።

ከዚያ ወዲህ መርከቦቹ ይቀያየራሉ፣ እሷ አለች። አሁን የምትሠራበት «ሶልቫይ» ይባላል። የጉዞው መሪ ትሮልስ የሚባል ዴንማርካዊ ነው፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ከራሱ ጥላ በስተቀር ሁሉን የሚቆጥር ሰው። የሶልቫይ ሕግ ብዙ ነው። መሬት ከመውረዱ በፊት ሰው ሁሉ ቦቲውን በብሩሽ ይታጠባል፣ የሌላ አገር ዘር ይዞ እንዳይገባ። ዋልረስ የሚባሉት ባለ ሁለት ረጅም ጥርስ የባህር አውሬዎች የተኙበት ዳርቻ ላይ ነፋሱ ከኛ ወደነሱ ከሆነ አይወረድም። ድንጋይ አይነሳም፣ አጥንት አይነሳም፣ ላባ እንኳ አይነሳም። ሰው ቤት ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ ባለቤቱ ይጠየቃል። ድብ ከታየ ደግሞ ክርክር የለም፣ ሁሉም ወደ ጀልባ። እንደ ኡልሪካ እንግዶቹን ከድብ የሚጠብቅ ሰው ጠመንጃ የሚይዘው እንዳይተኩስበት ነው ይላል ትሮልስ። ከተኮሰ ያ ቀን ለእሱ የውርደት ቀን ነው።

ኡልሪካ በመጀመሪያው ቀን ቦቲሽን ታጠቢ ሲሏት «የገዛ አገሬን አፈር ከእግሬ አጥባችሁ ልታስገቡኝ ነው?» ብላ ነበር። አሁን ግን ብሩሹን ራሷ ይዛ ነው በሩ ላይ የምትቆመው። «ተረከዙ! ተረከዙ ስር ምን ተሸክመሃል፣ እርሻ?» እያለች ሐኪም የሆነ ሽማግሌ እንግዳ ሳይቀር ታሳጥባለች። እንግዶቹም ይወዷታል። አንድ ሰውዬ የዱር በሬ ቀንድ ኪሱ ከትቶ ሲወጣ ያዘችውና «መልሰው። እሱ ቦታውን ያውቃል፣ አንተ ቤት ግን ይጨንቀዋል» አለችው። ሰውየው ሮጦ ወስዶ፣ ጉድጓዱን ፈልጎ፣ ልክ እንደነበረው አጋድሞ መጣ።

የዛሬው እንዲህ ሆነ።

የባሏ የዮሴፒ እህት ልጅ ነው ሁልጊዜ ሁለተኛ ጠባቂ ሆኖ አብሯት የሚወጣው። እሱ ባለ ረጅም ቀንዱን ዓሣ ነባሪ ሊያድን ወጥቷል። ኡልሪካ ጠዋት መጥታ በሩን በእግሯ መታችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ተነስ። ዛሬ ትሠራለህ።»

«ምን?»

«ቆመህ ታያለህ። ከቆምክበት አትሄድም። ፍርሃት ካለህ ቆመህ ፍራ።»

እናቴ «እትዬ ኡልሪካ፣ ይቺ ልጅ የገዛ ካልሲዋን የምትፈራ ናት» ስትላት ኡልሪካ «እሱን አትንኪብኝ» ብላ ጃኬቴን አቀበለችኝ።

ሸለቆው ከመንደሩ በጀልባ ትንሽ ወጣ ይላል። ታች ሜዳው ላይ ፀጉራሞቹ የዱር በሬዎች ይግጣሉ፣ ሐምራዊ አበባ መሬቱን ሸፍኖታል። ኡልሪካ ጠመንጃዋን ይዛ ጉብታው አናት ላይ ወጣች። እኔ ሬዲዮና ድብ ማስደንገጫ ርችት መተኮሻ ይዤ መሀል ተዳፋቱ ላይ ቆምኩ። ትሮልስ እንግዶቹን ይዞ ታች፣ እኔና ኡልሪካ ከምንጠብቀው ክልል ሳይወጡ፣ በሹክሹክታ በሬዎቹን ያሳያቸዋል። ሁሉም ዝም ብሏል። ደስ ይል ነበር። ሁሉንም ነገር ስለምፈራ ሁሉንም ነገር አያለሁ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ።

ከኡልሪካ ኋላ፣ ከጉብታው ማዶ፣ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ገባ። ደግሞ ብቅ አለ።

ሬዲዮ ላይ የሚባለው ነገር አለ፣ ጠዋት አስተምረውኛል። ለትሮልስ ነው የሚነገረው። ምን እንዳየሽ፣ በየት በኩል፣ ምን ያህል ሩቅ። እኔ አንዱም አልመጣልኝም። ቁልፉን ተጫንኩና የመጣልኝን ጮህኩ።

«ኡልሪካ፣ ነይ!»

ኡልሪካ ካፒቴን ቁጭ በይ ሲላት የምትቆም ናት። ትሮልስ «እዚህ ጋ ይቁሙልኝ» ካላት ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብላ ነው የምትቆመው፣ ለነፃነቷ። አሁን ግን ወደ ኋላ እንኳ አልዞረችም። ተነሳች፣ ጠመንጃውን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ ያንን መከረኛ ጉልበቷን እየጎተተች ቁልቁል መጣች። በቃ፣ «ለምን?» የለም።

ትሮልስ ታች ሆኖ ጠባቂዋ ከጉብታው ስትወርድ አየ። የጠራትን አልጠየቀም። እጁን አነሳና «ወደ ጀልባ» አለ። አንድ ሰው አልተከራከረም። አንዷ ረጅም ካሜራ ያላት ሴትዮ ብቻ ፊቷን ወደ ጉብታው አድርጋ የኋሊት እየተራመደች ታነሳለች።

ኡልሪካ እኔ ጋ ስትደርስ ታለከልካለች። «የት ነው?»

«ከኋላሽ! ከቆምሽበት ኋላ!»

ሩቅ ማያ መነጽሯን አንስታ አየች። ቆይታ አየች። እኔ ርችቱን ወደ ጉብታው አነጣጥሬያለሁ። ያኔ ነጩ ነገር ወደ ጉብታው አናት ወጣና በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሁለት ጆሮ አለው። ረጅም።

ጥንቸል ነበር። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው፣ ተደርድረው ቆመው ወደ ታች ያዩናል፣ ልክ ቲኬት ቆርጠው እንደመጡ። ከጀልባዎቹ ሳቁ ፈነዳ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ «አመሰግናለሁ» እላት ነበር።

መርከቡ ላይ ትሮልስ ጠራን።

«ማነው የጠራው?»

እጄን አወጣሁ። ያባርረኛል ብዬ ነበር።

«ጥሩ» አለ።

«ምኑ ነው ጥሩ?» አለች ኡልሪካ። «ጥንቸል እኮ ነው።»

«ለጥንቸል የተመለስን እንደሆነ ጉዳቱ ሾርባ ቀድመን መጠጣታችን ነው። ለድብ ሳንመለስ ብንቀር ግን አንዱ ይሞታል፣ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ደግሞ ድቡ ነው» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ግን ‹ነይ› ብቻ አይባልም። ምን፣ የት፣ ምን ያህል ሩቅ። እሺ?» አለኝ። ከዚያ ወደሷ ዞረ። «እርስዎ ደግሞ እትዬ ኡልሪካ! እኔ ሳላዝዝ እንዴት ጉብታውን ለቀው ይወርዳሉ? ስንት ዓመት ስለምንዎ አንድ ቀን እንኳ ታዘውኝ ያውቃሉ?»

«አንተ ወንድሜ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው። እኔን የጠራኝ ወንድሜ ነው» ብላ በአውራ ጣቷ እኔን አሳየችው።

ትሮልስ አየኝ፣ አያት፣ ራሱን ነቀነቀ። እንግዶቹ እራት ላይ ለጥንቸሎቹ ጤና ብርጭቆ አነሱ። ባለ ካሜራዋ ሴትዮ ፎቶውን ለሁሉም ስታሳይ አመሸች። ጥንቸሉ ያስቃል፣ ከፊት ደግሞ ኡልሪካ ጀርባዋን ሰጥታው በኩራት ትወርዳለች።

ጀልባው መንደራችን ዳር አወረደንና ሄደ። እኔ ወደ ቤት ልወጣ ስል ኡልሪካ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ቆይ። እኔ ምንም አላየሁም።»

«ምኑን?»

«ጥንቸሉን። ድብም ቢሆን አላየውም ነበር። ነጭ በነጭ ላይ ነው የሆነብኝ። እነሱ ሲስቁ ነው እኔም የሳቅኩት። በረዶው መቅለጥ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ሆኛለሁ።» መነጽሯን በጃኬቷ ጠረገችው፣ ምንም ባይረዳትም። «ነገ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ኩፓሊክ ይወርዳሉ። ትሮልስ ካርታው ላይ አሳይቶኛል፣ ሦስቱም ቤት ምልክት አላቸው። እንግዲህ አንተ ፍረድ። ለማንም ሳትነግሪ ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። ‹ለምን?› አልልም።»

ሂጂ ልላት ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በሐሳቤ ያን ሁሉ ሰው ከኋላዋ አየሁት፣ ድቡንም አየሁት፣ እሷም ወደ ነጩ እያየች ስታጣው።

«ለትሮልስ እንነግረዋለን» አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ነው የወጣው። «አሁን።»

ኡልሪካ ቀና ብላ አየችኝ። «አይ አንተ! ሞተህ ስትመለስ ደፈር ያልክ መስሎኝ ነበር» አለች። ግን ሬዲዮዋን ከደረቷ ነቅላ ራሷ ጠራችው። «ትሮልስ፣ ኡልሪካ ነኝ። ዓይኔ ሄዷል። ጠመንጃ የሚይዝልህ ሌላ ሰው ፈልግ። ወንድሜ ነው ንገሪው ያለኝ፣ እኔ ብሆን አልነግርህም ነበር።»

ሬዲዮው ትንሽ ተንኮሻኮሸ።

«ጠመንጃውን ያስቀምጡት እትዬ ኡልሪካ» አለ ትሮልስ። «ስለነገሩኝም አመሰግናለሁ። መርከቡ ላይ ሌላ ጠባቂ አለኝ፣ ለእሱ አያስቡ። እርስዎ ግን እንዳይቀሩብኝ። ኩፓሊክ ላይ እኔ ምን አለኝ የምለው? እኔ የማየው የድንጋይ ክምር ነው። የማን ቤት እንደሆነ የሚነግረን ሰው ነው የሚያስፈልገኝ። መሬቱ ግን መጥፎ ነው፣ እጅዎን የሚይዝ፣ ደግሞም የሚያይ ሰው ይዘው ይምጡ።»

«የሚያይ እንኳ አለኝ። ድብና ጥንቸል አይለይም እንጂ።»

«እሱኑ ያምጡት» አለ ትሮልስ።

እኛ መንደር ደግሞ ሬዲዮው በየቤቱ ክፍት ነው፣ የአንዱን ጉዳይ ሌላው ሾርባውን እየበላ ይሰማል። ወዲያው ሌላ ድምፅ ገባ። «ኡያራክ ይሂድ! መንደሩም ትንሽ ይረፍ!» ሌላው ቀጠለ። «ካልሲውን አስሩበት፣ እንዳያስደነግጠው!» ከዚያ እናቴ ገባች። «ዝም በሉ እናንተ። ልጄን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ የምሰድባትም እኔ ነኝ።» አንዱ ጥንቸል ምን ብሎ እንደሚጮህ አላውቅም፣ ግን የሆነ ሰው ጥንቸል ሆኖ ጮኸ።

ኡልሪካ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሬዲዮውን ዘጋችና አየችኝ።

«በል እንግዲህ።»

«ኡልሪካ፣ እኔ... መርከብ ላይ... ስምንት ቀን ነው እኮ...»

«ታላቅ ወንድም ታናሽ እህቱን ብቻዋን በባህር ይልካል እንዴ? አንተ ካልሄድክ አልሄድም። አይክፋህ፣ እኔም አይከፋኝም። ምን አለው? የፈረሰ ቤት ነው። ሣር በቅሎበት ይሆናል።» ይሄን ስትል ፊቷን ወደ ባህሩ አዞረች። ከዚያ እያየችው ስለማታየው ነው መሰለኝ፣ መልሳ ወደኔ አዞረችው። «ወንድሜን ሁሉ ሰው ፈሪ ይለው ነበር። እኔ ግን ለማደግ የበቃሁት እሱ ወደ ኋላ እያለ ስለመለሰኝ ነው። አንድም ቀን እኔን ትቶ አልተመለሰም። በል፣ እንካ።»

ጠመንጃውን እጄ ላይ ያስቀመጠችው ያኔ ነው። እኔም «እሺ» አላልኩ፣ «እንቢ» አላልኩ። ሮጥኩ።

ይሄን እየጻፍኩ ሳለ እናቴ ተነስታ ነበር። የተኛች መስሎኝ ለካ አልተኛችም። ቦቲዬን ከእግሬ ስባ አወጣችው፣ ብሩሽ ይዛ ባልዲው ላይ ተቀመጠችና ማጠብ ጀመረች፣ ተረከዙን ሁሉ ፈለፈለች። «አፈር ይዞ መግባት አይፈቀድም ብለዋል» አለች፣ ለቦቲው ነው የነገረችው። የደረቀ የአቆስጣ ሥጋም በቆርቆሮ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠመንጃው አጠገብ አስቀመጠችና ተመልሳ ተኛች።

ቦቲው በሩ ስር ቆሟል። እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም። በመስኮቱ ሳይ የኡልሪካ ጭስ ማውጫ ይጨሳል፣ እሷም አልተኛችም ማለት ነው። ሶልቫይ ከመንደሩ ፊት ካለችው ደሴት ወዲያ ቆማለች። ጠዋት ጀልባው ሲመጣ እወርድ እንደሆነ አላውቅም።